ትንሿን አዝዬ፣ ትልቁን ከኋላ ጭኜ ሳይክል ብነዳስ?

ጥያቄ፦

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ መጋላ በኩል ነው። መሥሪያ ቤቴም የትልቁ ልጄ ትምህርት ቤትም ከዚራ ነው። ልጁ አምስት ዓመቱ ነው። እህቱ ገና የዓመት ከስምንት ወር ልጅ ናት፤ እሷን ጠዋት ጠዋት ከዚራ እናቴ ቤት አድርሼ ነው ቢሮ የምገባው። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። እስካሁን በባጃጅ ኮንትራት ነበር የምንመላለሰው፤ አሁን ግን ዋጋው ከአቅሜ በላይ ሆኗል። ስለዚህ ሳይክል ልገዛ አሰብኩ። ልጅ ሆኜ እነዳ ነበር። ትልቁን ዕቃ መጫኛው ላይ አስቀምጬ፣ ትንሿን አዝዬ ብሄድ ብዬ ሳማክራቸው፣ አብረውን የሚኖሩት አማቴ "አቦ ተይ! የልጅ እግር ጎማ ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞስ ባለትዳር ሴት ልጆቿን ጭና በሳይክል ስትሄድ ሰው ምን ይላል?" ብለው ተቆጡ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለ ሳይክል ማንሳት አልተቻለም። የእኔ ሐሳብ ነው ልክ ወይስ የእሳቸው?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦

እህቴ፣ መልሴን ከፊት ላስቀምጥልሽ። ሳይክሉን ግዢ። ትልቁን ልጅሽን ከኋላ ጫኚው፤ ባዶ ዕቃ መጫኛ ላይ ግን አይሆንም፣ ወንበር ይሠራለት። ትንሿን አዝለሽ መንዳትን ጭራሽ አታስቢው። አማትሽ ስለ እግር የተናገሩት ሙሉ በሙሉ እውነት ነው። ስለ ሰው አፍ ያሉትም የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ሳይክል የሚያስተው ሆኖ አላገኘሁትም።

ከእግሩ ልጀምር፤ ምክንያቱም ልጅ ሳይክል ላይ ተጭኖ ሲሄድ ከሚያገኙት ጉዳቶች በጣም ከተለመዱት አንዱ ይሄ ነው። ክፋቱ ደግሞ መውደቅም መጋጨትም አይፈልግም። በደህና መንገድ፣ በዝግታ እየሄዱ ሳለ ይደርሳል። ልጁ ዕቃ መጫኛው ላይ እግሩን ከፍቶ ይቀመጣል፤ እግሩ የሚያርፍበት ነገር የለውም፣ በጎማው ግራና ቀኝ ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ ላይ እንደተነገረው ወደ ውጭ ከፍቶ ይይዘዋል። ትንሽ ቆይቶ ጭኑ ይደክመዋል፣ ወይም ሙቀቱ እንቅልፍ ያመጣበታል፣ ወይም የሚያውቀውን ልጅ አይቶ ዞር ይላል። ያኔ ተረከዙ ወደ ጎማው ሽቦዎች ጠጋ ይላል። የሚሽከረከሩት ሽቦዎች እግሩን ይዘው ወደ ፊት ይጎትቱትና ከሳይክሉ ብረት ጋር ያጣብቁታል። የተረከዙ ቆዳና ሥጋ ይገፈፋል፤ አንዳንዴ አጥንትም ይሰበራል። ጠንካራ ጫማ የተጫማ ልጅ በጫማው ሊተርፍ ይችላል፤ ነጠላ ጫማ ያደረገ ግን ምንም የሚከልለው ነገር የለም። "እግርህን ክፈት፣ አርፈህ ተቀመጥ" ማለት ለአምስት ዓመት ልጅ ጥበቃ አይሆነውም። ታዛዥ ልጅም ቢሆን ይደክመዋል፣ ታዛዥ ልጅም ያንቀላፋል።

ከፊት፣ መሪውና ኮርቻው መካከል ባለው አግዳሚ ብረት ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ይብሳል። እዚያ ላይ እግሩ የሚገባው የፊት ጎማ ውስጥ ነው፤ የፊት ጎማ ድንገት ሲያዝ ሳይክሉ ነጂውንም ልጁንም በመሪው በላይ አሽቀንጥሮ ይጥላል።

አያድርገውና ይሄ ነገር የማንም ልጅ ላይ ቢደርስ፣ እግሩን በጉልበት መንጭቆ ማውጣት አይገባም። ሳይክሉን አቁሞ፣ ጎማውን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ማዞር፤ እምቢ ካለም ሽቦውን መቁረጥ ነው። ቁስሉን በንጹሕ ውኃ አጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፣ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል፣ ድል ጮራም ሆነ ሳቢያን፣ መውሰድ ነው። ትንሽ ጭረት ብቻ ቢመስልም ይወሰድ። የተጨፈለቀ ቆዳ በመጀመሪያው ቀን ደህና መስሎ ከቀናት በኋላ ሊጠቁርና ሊሞት ስለሚችል ሐኪም ማየት አለበት።

አማትሽ ያዩት ይሄንን ነው። ይሄንን ያየ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያዩት ጉዳት ላሜራና ቡሎን የሚያስቀሩት ጉዳት ነው።

ወደ ማዘሉ ልለፍ። ሰው ልጅ አዝሎ በእግሩ ሲሄድ ቢደናቀፍ ወደ ፊት ይወድቃል፤ እጁ መሬት ይቀድማል፣ ልጁ ከላይ ይቀራል። ከሳይክል ላይ የምትወድቂው ግን ወደ ጎን ነው። ትከሻሽ መሬት ሲመታ የልጅቷ ጭንቅላት ያለው እዚያው ትከሻሽ አጠገብ ነው፤ የምትወድቀውም ከአንቺ ትከሻ ከፍታ ላይ ነው። ሄልሜት ላድርግላት ብትይ፣ የታዘለ ሕፃን ሄልሜት ሲያደርግ ጀርባሽ እየገፋው አገጩን ደረቱ ላይ ያጥፈዋል፤ አተነፋፈሱንም ያስቸግራል። ፔዳል ስትመቺ ወገብሽ በየጊዜው ስለሚንቀሳቀስ ማዘያው ይላላል፤ የነጠላው ጫፍ ወርዶ ከጎማው ጋር ይጠመጠማል። ይሄ ሁሉ ሲሆን እሷን አታያትም። በዚህ ላይ ከኋላ ትልቁ አለ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ጭነሽ ሚዛን ብትስቺ የትኛውን ትይዣለሽ?

ስለ ወንበሩ። ተሠርቶ የሚሸጥ የሳይክል የልጅ ወንበር ካገኘሽ እሱን ውሰጂ። በአውሮፓ ደረጃ የሚሠሩት የኋላ ወንበሮች ከ9 እስከ 22 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ፣ የፊቶቹ ደግሞ እስከ 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ናቸው፤ ልኩ ብዙ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ታይዋን ገበያ ጠይቂ። ባለቤትሽም ጅቡቲ ሲደርስ ያገለገለ ካለ ይመልከት። ያገለገለ ከሆነ ሁለት ነገር ይፈተሽ፦ ቀበቶው ሲቆለፍ በደንብ ይይዛል ወይ? ፕላስቲኩስ ተሰነጣጥቋል ወይ? በረሃ ፀሐይ ላይ የከረመ ፕላስቲክ ከላይ ደህና እየመሰለ ሲታጠፍ እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበራል። ጠርዙን በሁለት እጅሽ ያዢና ጠምዘዝ አድርጊው፤ ነጭ መስመር ካወጣ ወይም ከጮኸ ተዪው።

ካልተገኘ በያጅ ጋ መሄድ ነው፤ ድሬ ውስጥ ጎበዝ በያጅ ችግር የለም። ችግሩ በያጁ የሚያውቀው በርና መስኮት መሥራት እንጂ የልጅ ወንበር አለመሆኑ ላይ ነው፤ ስለዚህ የምትፈልጊውን አንቺ ንገሪው። መደገፊያው የልጁን ጭንቅላት እስኪደርስ ከፍ ይበል፤ ቢያንቀላፋ አንገቱ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ። ግራና ቀኙ ክንድ ማሳረፊያ ይኑረው። ቀበቶው ወገቡን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም ትከሻ የሚይዝ ይሁን፤ የወገብ ብቻ ከሆነ ልጁ ወደ ፊት ይደፋል ወይም በሥሩ ሾልኮ ይወርዳል። እግሩ የሚያርፍበት መርገጫ ይሠራለትና ከላዩ ማሰሪያ ይኑረው። ከዚያ ዋናው፦ በጎማው በሁለቱም በኩል፣ ከወንበሩ ጀምሮ ከመርገጫው በታች እስኪደርስ ላሜራ ወይም ጣት የማያስገባ ወንፊት ሽቦ ይጋረድ። በአንድ በኩል ብቻ ሠርቶ "ይበቃል" ቢልሽ እሺ አትበይው።

ሁለት ነገር ልጨምር፤ በያጆች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ነው። አንደኛው፣ ወንበሩን ሳይክሉ ላይ በቀጥታ እንዳያበይዱት። የሳይክል ቱቦ ቀጭን ነው፣ በእሳቱ ይዳከማል፤ አንድ ቀን ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። ወንበሩ ለብቻው ተሠርቶ በቡሎን ይታሰር፤ ቡሎኖቹም የማይፈታ ዳዶ ይግባላቸው። ሁለተኛው፣ የልጁ ክብደት የሚያርፍበት ቦታ ነው። ወንበሩ ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር የፊት ጎማው ይቀልላል፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል። የልጁ መቀመጫ ከኋላው ጎማ መሐል በላይ ወይም ከዚያ ትንሽ ፊት ይሁን፤ ወደ ኋላ ቢያልፍ እንኳ ከ10 ሳንቲሜትር አይብለጥ።

የዕቃ መጫኛውንም ጥንካሬ አትርሺ። ብዙ ጊዜ 25 ኪሎ ነው የሚችለው። የአምስት ዓመት ልጅ 18 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ወንበሩ ራሱ አራት አምስት ኪሎ ቢሆን ድንበሩ ላይ ደረስሽ ማለት ነው። በያጁ መጫኛውን ከኋላው ጎማ ብሎን ጋር በሚያያዝ ተጨማሪ እግር ያጠናክረው። ሲጨርስ ጠርዙን ሁሉ በሞረድ ያስተካክል፤ አንቺም አሮጌ የውስጥ ጎማ ቆርጠሽ ጠርዙን ሸፍኚው። አንቺ የምትቀመጪበት ኮርቻ ሥሩ ሞላ ካለው እሱንም በወፍራም ጨርቅ ወይም በጎማ ሸፍኚ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ የሚይዘው ሲያጣ ጣቱን የሚያስገባው እዚያ ነው፤ አንቺ ኮርቻው ላይ ጫን ስትይ ሞላው ጣቱን ይቆነጥጠዋል።

ሳይክሉን ስትገዢ አግዳሚ ብረቱ ዝቅ ያለ፣ "የሴት" የሚባለውን ምረጪ። ይሄ የአለባበስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከኋላ ከፍ ያለ ወንበርና ልጅ ሲኖር እግርሽን በኋላ በኩል አሻግረሽ መውጣት አትችዪም። አንድ ነገር ቢፈጠር ሁለቱም እግሮችሽ ቶሎ መሬት መርገጥ አለባቸው፤ ስለዚህ ኮርቻው ከለመድሽው ዝቅ ይበል። ማቆሚያው ባለ ሁለት እግር ይሁን። እንደዚያም ሆኖ ልጁን ወንበሩ ላይ አስቀምጠሽ ሳይክሉን ለማቆሚያ አደራ ብለሽ አትሂጂ፤ "በር ልቆልፍ" ብለሽ ለግማሽ ደቂቃም ቢሆን። ልጅ የጫነ ሳይክል ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ቆሞ ሳለ ነው። ስትነሺ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ መጨረሻ የሚወጣው ልጁ ይሁን፤ ስትደርሺ መጀመሪያ የሚወርደው እሱ ይሁን።

ሄልሜት ለልጁም ለአንቺም ያስፈልጋል። የሞተር ሳይክል ሄልሜት ለልጅ አይሆንም፤ ክብደቱ ለአንገቱ ከባድ ነው። የሳይክል ሄልሜት ከቅንድቡ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ግንባሩን መሸፈን አለበት። ማሰሪያው ከአገጩ ሥር አንድ ጣት የሚያስገባ ያህል ይጥበቅ። ወደ ኋላ ተንሸራቶ ማጅራቱ ላይ የተቀመጠ ሄልሜት ግንባሩን ገልጦ ይተወዋል። ከባድ ምት የቀመሰ ሄልሜት፣ ስንጥቅ ባይታይበትም፣ ሁለተኛ አይደረግም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ልጁን ወዲያው አትጫኚው። ልጅ ሆነሽ መንዳትሽ ጥሩ ነው፤ ሰውነት ሚዛን አይረሳም። ግን ያኔ ጭነት አልነበረብሽም። ቢጫ ጀሪካን 15 ሊትር ያህል ውኃ ሙዪበት፤ 15 ኪሎ ማለት ነው። አናቱ ድረስ ሞልተሽ አትድፈኚው፣ ክፍት ቦታ ተዪለት። ወንበሩ ላይ በቀበቶው እሰሪው። ክፍት ቦታ ያለው ውኃ ስትታጠፊ ይወዛወዛል፣ ፍሬን ስትይዢ ወደ ፊት ይገፋሻል፤ ልጅ ከኋላሽ ሲዞርና ሲነሳ የሚሰማሽም ይኸው ነው። እሑድ ጠዋት በማለዳ፣ መኪና ሳይበዛ፣ ከዚራ ያሉት ሰፋፊና ቀጥ ያሉ መንገዶች ላይ ተለማመጂ። መነሳት፣ መቆም፣ በዝግታ መታጠፍ፣ ወደ ኋላ ዞር ብሎ ማየት፣ አንድ እጅ ለቆ ምልክት መስጠት። ድንገት ፍሬን መያዝንም ደጋግመሽ ሞክሪ፤ ጭነት ሲኖር ሳይክሉ ቶሎ እንደማይቆም ያን ጊዜ ታዪዋለሽ። ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ ነው መያዝ፤ የኋላውን ብቻ ከያዝሽ ይንሸራተታል፣ የፊቱን ብቻ በድንገት ከያዝሽ ይደፋሻል። ጀሪካኑን ይዘሽ ቤትሽ ድረስ ሳትንገዳገጂ መመለስ ስትችዪ ልጁ ይውጣ።

የኋላውን ጎማ አየር ጎሚስታ ጋ አስሞዪ። የጎማው ጎን ላይ ልኩ ተጽፏል፤ ለጭነት ከፍ ወዳለው ልክ ይጠጋ። የላላ ጎማ ኮብልስቶን ላይ ቸርኬውን ይመታል፤ ልጁም ይንገላታል።

አሁን መንገዱ። ከመጋላ ከዚራ ለመሻገር ደቻቱ መሐል አለ። ወንዙ ደረቅ ሲሆን ብዙ ሰው አሸዋውን አቋርጦ ይሄዳል፤ መንገድ ያሳጥራል። አንቺ በድልድዩ ሂጂ፣ ሁልጊዜም። አንደኛ ነገር አሸዋ ላይ የተጫነ ሳይክል አይነዳም፤ የፊት ጎማው ይሰምጥና ይዞራል። ሁለተኛው አንቺም የምታውቂው ነው። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ፣ የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ከልጅ ጋር የሆነ ሰው "ዛሬ ሰማዩ ጥሩ ነው" ብሎ ወንዝ ውስጥ አይገባም።

አሮጌው ሐዲድ መንገድ በሚቆርጥበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ወርደሽ ግፊው። ሐዲዱ ዳር ያለው ክፍተት የሳይክል ጎማ በትክክል የሚገባበት ስፋት አለው። በሰያፍ ከገባሽበት ጎማው ይያዛል፣ አንቺ ግን ትቀጥያለሽ። ልጅ ሳትይዢ ስትሄጂ ቀጥ ብለሽ፣ ሐዲዱን በመስቀለኛ ልታልፊው ትችያለሽ፤ ዝናብ ካለ ግን ብረቱ ስለሚያንሸራትት ያኔም መውረድ ይሻላል።

የድሬ ባጃጅ ሰው እጁን ባነሳበት ይቆማል። ይሄን እንደ ጥፋት ቆጥረሽ አትናደጂበት፤ ሥራው ነው፣ አንቺም ስትሳፈሪበት ኖረሻል። ከፊትሽ ያለው ባጃጅ በማንኛውም ሰዓት ቀኝ ይዞ ይቆማል ብለሽ ራቅ ብለሽ ተከተይው። ሲቆምም በቀኙ፣ በእግረኛ መንገዱና በእሱ መካከል ሾልከሽ ለማለፍ አትሞክሪ፤ ተሳፋሪ የሚወርደው በዚያ ነው። ጠብቂው፣ ወይም ከኋላሽ አይተሽ በግራው እለፊ። የቆመ መኪና አጠገብ ስታልፊም በሩ ቢከፈት የማይደርስብሽን ያህል ራቂ። ጠርዙ ላይ ተጣብቀሽ አትሂጂ፤ ጠርዙ ላይ ጠጠርና ጉድጓድ አለ፣ ከኋላ የሚመጣውም "ታሳልፈኛለች" ብሎ ይገፋሻል።

የልጁ ቦርሳ ጀርባው ላይ አይሁን፤ ከመደገፊያው ያርቀዋል። መሪው ላይ በአንድ በኩልም አታንጠልጥዪው። ከፊት ቅርጫት ይታሰርልሽና እዚያ ይግባ። አንቺም ነጠላሽን ወይም ሻሽሽን ጫፉን ወደ ውስጥ አስገቢው፤ ረዥም ቀሚስ ከለበስሽ ከሥር ሱሪ አድርገሽ ቀሚሱን ሰብስቢ። ካቴናው መሸፈኛ ይኑረው።

ሙቀቱን በተመለከተ ከአንቺ በላይ ልነግርሽ የምችለው ብዙ የለም፤ አንድ ነገር ግን ብዙ እናቶች አያስተውሉም። ስትነጂ አንቺን ነፋስ ያገኝሻል። ከኋላሽ ያለው ልጅ ግን ጀርባሽ ይጋርደዋል፣ ሳይንቀሳቀስም ነው የሚቀመጠው። አንቺ "ዛሬስ ደህና ነው" ስትዪ እሱ እየተቀቀለ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ችግር የለም። ችግሩ መመለሻው ነው። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ከተማው ለምሳና ለጫት ተሰብስቦ መንገዱ ጭር ይላል፤ ጭር ያለ መንገድ ደግሞ ለሳይክል ያጓጓል። ግን ፀሐዩ የሚከብደው በዚያው ሰዓት ነው፤ በተለይ ግንቦትና ሰኔ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን። ልጅሽ በዚያ ሰዓት የሚለቀቅ ከሆነ እናትሽ ቤት ይቆይና አመሻሽ ላይ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ግን ሳይጨልም አብራችሁ ተመለሱ። ፀሐይ ላይ የቆመ ወንበር ብረቱም የቀበቶው መቆለፊያም ያቃጥላል፤ ሳታስቀምጪው በፊት በእጅሽ ጀርባ ንኪው። ሳይክሉ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ይቁም፣ ወይም ወንበሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ይጣል። ልጁ ከመነሳታችሁ በፊት ውኃ ይጠጣ። በመንገድ ዝም ካለ አናግሪው። መልስ ካልሰጠሽ፣ ፊቱ ቀልቶ ከደነዘዘ ወይም ካስመለሰው፣ ጥላ ሥር አውርደሽ ልብሱን አላልተሽ ውኃ አርከፍክፊበት፤ ካልነቃልሽ ሳይክሉን እዚያው ትተሽ በባጃጅ ሆስፒታል ነው።

ሐረር ሆናችሁ ይሄን ለምታነብቡ፣ ያልኩት ሁሉ እንዳለ አይሠራም። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ አብዛኛው መሐል ከተማዋ ሜዳ የሆነ ከተማ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ተቀምጣለች። ቁልቁለት ላይ ከነልጁ የሚይዝ ፍሬን ሌላ ነገር ነው፤ የጀጎል ቀጫጭን መንገዶችም ለልጅ ጫኝ ሳይክል አይመቹም። እዚያ በእግር መሄድን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ቤትሽ ልመለስ። አማትሽ "ሰው ምን ይላል" ሲሉ እኔ የሰማሁት ከሐሜት ያለፈ ነገር ነው። አባትየው መንገድ ላይ ነው። ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ጎረቤቱ "አያቱ ቤት ተቀምጠው እያዩ እንዴት ዝም አሉ?" ነው የሚለው። ጣቱ ወደ እሳቸውም ይቀሰራል፤ ለልጃቸው መልስ መስጠት ያለባቸውም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ "ዘመኑ ተለውጧል" ብለሽ አትከራከሪያቸው። ያዩትን እንዲነግሩሽ ጠይቂያቸው፦ ልጁ የት ተቀምጦ ነበር? እግሩ በየት በኩል ገባ? ምን ተጫምቶ ነበር? ከዚያ በያጁ ጋ ይዘሻቸው ሂጂ። ወንበሩ ሲያልቅ ልጁን ራሳቸው ያስቀምጡት፣ ቀበቶውን ራሳቸው ይቆልፉት፣ እግሩን ወደ ጎማው ለማስገባት ራሳቸው ይሞክሩ። በእጃቸው ገፍተው እግሩ ካልገባ የፈሩት ነገር እንደተዘጋ ያያሉ። ከገባ ደግሞ በያጁ ገና አልጨረሰም ማለት ነው፤ ያኔ ከማንም በላይ የጠቀሙሽ እሳቸው ናቸው።

ባለቤትሽም ከመንገድ ሲመለስ ቡሎኖቹን ይይልሽ። ሹፌር ነው፣ በመንቀጥቀጥ ምን እንደሚላላ ያውቃል። እሱ በሌለበት ሳምንት ግን አንቺው ቁልፍ ገዝተሽ አጥብቂ፤ ይሄ የማንንም መምጣት የሚጠብቅ ሥራ አይደለም።

ከጎረቤት አንዳንዱ ያይሻል፣ አንዳንዱም ይናገራል። ድሬ ሳይክል የለመደች ከተማ ናት፤ አንቺም ልጅ ሆነሽ የነዳሽበት መንገድ ነው። ልጆችሽን በሰላም ትምህርት ቤት ለማድረስ በራስሽ ጉልበት የምትለፊ እናት ነሽ፤ በዚህ የሚያሳፍር ነገር አላይም፤ አክብሮቴ ከአንቺ ጋር ነው።

የቀረችው ትንሿ ናት። ለጊዜው አያቷ፣ አማትሽ፣ ጠዋት ጠዋት ቤት እንዲይዙልሽ ለምኚያቸው። "ልጁን በሳይክል ልውሰድ፣ እሷን ግን እርስዎ ካልያዙልኝ አይሆንም" በያቸው፤ እውነትም ስለሆነ። እሳቸው የማይችሉ ከሆነ እሷን ይዘሽ በእግርሽ ወይም በመስመር ባጃጅ ሂጂ፣ ልጁንም ጨምሪው፤ ሳይክሉ ደግሞ እሷን የሚይዝልሽ ሰው በተገኘባቸው ቀናት ያገልግልሽ። እንዲህም ሆኖ የኮንትራቱ ወጪ ይቀንሳል።

እሷ በሳይክል መሄድ የምትችልበት ዕድሜ ላይ ስላልደረሰች አይደለም። ራሷን ችላ ቀጥ ብላ የምትቀመጥ፣ ሄልሜት አድርጋ አንገቷን የምትሸከም ልጅ ከዓመቷ በኋላ ወንበር ላይ ልትቀመጥ ትችላለች፤ ጤናዋን የሚከታተለውን ሐኪም ጠይቂ። ጉዳዩ ሁለቱ በአንድ ጊዜ መሆናቸው ነው። ወንድሟ 22 ኪሎ ሲሞላ ከወንበሩ ይወርዳል። ያን ጊዜ ወንበሩ የእሷ ይሁን፤ የቀበቶውን ቀዳዳ ለእሷ ልክ እንዲጨምርበት ግን ለበያጁ አሁኑኑ ንገሪው።